ኮርሱን ሲጨርሱ “የራሴን ሥራ እጀምራለሁ” የሚሉት ለምን ቀነሱ?

ጥያቄ፦ በአንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የሥራ ፈጠራ ትምህርት አሠልጣኝ ነኝ። ሠልጣኞቻችን ሲገቡ “ስትመረቁ ምን ልትሠሩ አስባችኋል?” ብለን በመጠይቅ እንጠይቃቸዋለን። አብዛኞቹ “የራሴን ሥራ እጀምራለሁ” ይላሉ። ኮርሱን ሲጨርሱ ያንኑ መጠይቅ ስንሰጣቸው ግን እንዲህ የሚሉት ያንሳሉ። ኃላፊዎቻችን “ታዲያ ኮርሱ ምን ይሠራል?” ማለት ጀምረዋል። ለመሆኑ አንድ የሙያ ተማሪ ሥራ ፈጣሪ ለመሆን እንዲያስብ የሚያደርገው ምንድን ነው? ከዚህ ውስጥ እኛ መለወጥ የምንችለው የቱን ነው?

መልስ፦ ከኃላፊዎችዎ ልጀምር፤ ቸኩለዋል። የሥራ ፈጠራ ኮርስ የወሰዱ ተማሪዎች ፍላጎት ቀንሶ መገኘቱ በእርስዎ ኮሌጅ የተጀመረ ነገር አይደለም። ኦስተርቤክ፣ ቫን ፕራግ እና አይሰልስታይን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ጥናት አለ (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ጥናቱ የተካሄደው ኔዘርላንድስ ውስጥ ባለ አንድ የሙያ ኮሌጅ ነው። ኮሌጁ በሁለት ከተሞች ግቢ አለው። በአንደኛው ግቢ ተማሪዎች በቡድን ሆነው እውነተኛ ትንሽ ድርጅት አቋቁመው እንዲያንቀሳቅሱ ተደረገ። በሌላኛው ግቢ ይህ አልነበረም። መጨረሻ ላይ ሲነጻጸሩ ፕሮግራሙ የተማሪዎቹን ክህሎት ከፍ አላደረገም። የራስ ሥራ የመጀመር ፍላጎታቸውን ደግሞ ጭራሽ ዝቅ አደረገው። ተመራማሪዎቹ ካቀረቧቸው ማብራሪያዎች አንዱ፣ ተማሪዎቹ ስለ ራሳቸውም ሆነ ሥራው ስለሚጠይቀው ነገር የነበራቸው ግምት ወደ እውነታው ስለቀረበ ሊሆን ይችላል የሚል ነው።

በዚያው ዓመት ከሙኒክ የወጣ ሌላ ጥናትም ተቀራራቢ ነገር አሳይቷል። ኮርሱን በግዴታ የወሰዱ ተማሪዎች ፍላጎት በአማካይ ትንሽ ወረደ። ነገር ግን ኮርሱ ተማሪዎቹ ለየትኛው መንገድ እንደሚሆኑ ራሳቸውን እንዲለዩ እየረዳቸው እንደነበር የሚጠቁሙ ምልክቶች ተገኝተዋል። የማይሆነው ሰው ሳይከስር ቀድሞ ካወቀ ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ?

ስለዚህ ቁጥሩ ስለወረደ ብቻ ኮርሱ ከሽፏል አይባልም። ተሳክቷልም አይባልም። የማን ፍላጎት ወረደ? በምን ምክንያት? መታየት ያለበት እሱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ብዙ ሰው ሥራ ፈጣሪነትን አብሮ የሚወለድ ድፍረት አድርጎ ያየዋል። “ያለው አለው፣ የሌለው የለውም” ይባላል። በጥናት የተያዘው መንገድ ግን ሌላ ነው። አይሴክ አጅዘን የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1991 ባሳተመው ታዋቂ ጽሑፍ፣ አንድ ሰው አንድን ነገር ለማድረግ መወጠኑ ከሦስት ግምገማዎች እንደሚመነጭ ይገልጻል። ነገሩ ለኔ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ? የምቀርባቸው ሰዎች ምን ይሉኛል? ማድረግስ እችላለሁ? ሻፒሮ እና ሶኮል ደግሞ ከዚያ ቀደም ብለው በ1982 በተለይ ሥራ ፈጠራን ይዘው ተመሳሳይ ነገር ብለዋል። ነገሩ የሚያጓጓ መሆን አለበት፤ የሚቻል መስሎ መታየት አለበት፤ ሰውየውም አድራጊ መሆን አለበት። አንድ ነገር ጨምረዋል። ብዙ ሰው ከተለመደው መንገዱ የሚወጣው አንድ ነገር ገፍቶ ሲያስወጣው ነው። ከሥራ መባረር፣ ምርቃት፣ ስደት ወይም ከአለቃ ጋር መጋጨት ሊሆን ይችላል። ምርቃት ራሱ ከእነዚህ ግፊቶች አንዱ መሆኑን ልብ ይበሉ።

ጥያቄው እንግዲህ ከአጅዘን ሦስት ግምገማዎች ለሙያ ተማሪ የሚከብደው የቱ ነው የሚለው ነው። የኔ አቋም ግልጽ ነው፤ “እችላለሁ ወይ?” የሚለው ነው። እሱም ቢሆን በሙያው በኩል አይደለም።

ይህ የሙያ ተማሪን ከሌላው የሚለየው ነጥብ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። የቢዝነስ ተማሪ ስለ ትርፍና ኪሳራ አንብቧል፤ የሚሸጠው ነገር ግን በእጁ የለም። የሙያ ሠልጣኝ ተቃራኒው ነው። ብየዳ ይችላል፣ ሞተር ይፈታል፣ ልብስ ይሰፋል፣ የኤሌክትሪክ መስመር ይዘረጋል። ሰው ገንዘብ ከፍሎ የሚፈልገው ችሎታ እጁ ላይ አለ። ሲገባ “የራሴን ሥራ” የሚለው ይህንኑ አስቦ ነው። “ሥራውን ከቻልኩ ሌላው ምን ችግር አለው?” ይላል።

ከዚያ ኮርሱ ይመጣል። ሌላው ነገር ብዙ መሆኑን ያኔ ያያል። ለሥራው ዋጋ ማውጣት አለበት። ቀብድ መጠየቅ አለበት። “አሁን እጄ ላይ የለም፣ በኋላ እሰጥሃለሁ” የሚለውን ደንበኛ እምቢ ማለት አለበት። የተበላሸ ሥራ በራሱ ኪሳራ መድገም አለበት። አብሮት የተማረውን ጓደኛውን ቀጥሮ ደግሞ ሊቆጣው ነው። መዝገብ መያዝና ግብር መክፈልም አለ። ከእነዚህ አንዱንም ወርክሾፕ ውስጥ አልሞከረውም። ወርክሾፕ ውስጥ ዕቃው ከኮሌጁ መጋዘን ይወጣል፤ ውጤቱን የሚያየው አሠልጣኙ ነው፤ የተበላሸ ነገር ቢኖር ማርክ ይቀነሳል እንጂ ገንዘብ አይቀነስም። ኮርሱ የማይችለውን ነገር ዘርዝሮ አሳየው፤ የሚችልበትን መንገድ ግን አልሰጠውም። ፍላጎቱ ቢወርድ ምን ይገርማል?

አልበርት ባንዱራ ከ1977 ጀምሮ በሠራቸው ሥራዎች ሰው “እችላለሁ” የሚለውን እምነት የሚያገኝባቸውን አራት ምንጮች ለይቷል። ከሁሉ የሚበረታው ራስ ሠርቶ ማሳካት ነው። ቀጥሎ እንደ ራስ ያለ ሰው ሲሠራው ማየት አለ። ሦስተኛው የሚታመን ሰው “ትችላለህ” ሲል መስማት ነው። አራተኛው ሥራው ፊት ሲቆሙ የሚሰማው ስሜት ነው፤ ፍርሃቱ፣ የልብ ምቱ፣ መዝናናቱ። ብዙ የሥራ ፈጠራ ክፍሎች የቆሙት በሦስተኛው ላይ ነው። ወሬ ላይ ማለት ነው። ማበረታቻ ንግግር፣ የቢዝነስ ዕቅድ አጻጻፍ፣ ፈተና። የቢዝነስ ዕቅድ መጻፍን የምቃወም አይደለሁም። ግን ገንዘብ ተቀብሎ የማያውቅ ልጅ የሦስት ዓመት የሽያጭ ትንበያ ሲሞላ ልቦለድ እየጻፈ ነው። ልቦለድ መሆኑን ደግሞ እሱም ያውቀዋል።

ሠርቶ ማሳካት ሲባል ትልቅ ድርጅት ማቋቋም አይደለም። አንድ ሠልጣኝ ከኮሌጁ ውጭ ላለ እውነተኛ ሰው አንድ በር ቢሠራ፣ ዋጋውን ራሱ ቢያወጣ፣ ቀብድ ቢቀበል፣ ቢያስረክብ፣ ቀሪውን ቢቀበልና ወጪውን ቀንሶ የተረፈውን ቢያይ፣ ያ ከአንድ ሴሚስተር ንግግር ይበልጥበታል። ሁለት ነገር ግን ይጠንቀቁ። የመጀመሪያው ሥራ ከአቅሙ በላይ ከሆነ ውድቀቱም ያስተምራል፤ የሚያስተምረው ግን “አልችልም” የሚለውን ነው። በሌላ በኩል አሠልጣኙ ገብቶ ሁሉን ካቃናለት ስኬቱ የአሠልጣኙ ይሆናል። ልጁም ይህን ያውቃል። ደንበኛው ዋጋ ቀንስ ብሎ ሲጨቃጨቅ አሠልጣኙ ወደ ኋላ ማለት አለበት። ለብዙዎቻችን ይህ ከባድ ነው።

ስለ እንግዳ ተናጋሪም አንድ ነገር ልበል። ኮሌጆች ታዋቂ ባለሀብት መጋበዝ ይወዳሉ። አዳራሹ ይሞላል፣ ይጨበጨባል። ባንዱራ እንደሚለው ግን የሌላ ሰው ስኬት “እኔም እችላለሁ” የሚያሰኘው ሰውየው ከተመልካቹ ጋር ሲመሳሰል ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ከዚያው ወርክሾፕ የወጣ፣ አሁንም ኪራይ የሚያስጨንቀው ልጅ ቢመጣ ይሻላል። መጀመሪያ ምን እንዳበላሸም ይናገር። ሱዊታሪስና ባልደረቦቹ በ2007 ለንደንና ግሬኖብል ባሉ የሳይንስና ምህንድስና ተማሪዎች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ፍላጎትን ከፍ ያደረገው ከኮርሱ የተገኘው እውቀት ወይም ድጋፍ ሳይሆን በኮርሱ ውስጥ የተፈጠረ መነሳሳት ነበር። መነሳሳት ይሠራል፤ ይህን አልክድም። ሥጋቴ በኋላ በምን ይደገፋል የሚለው ላይ ነው።

ወደ ቤተሰብና ወደ ቅርብ ሰው እንምጣ። በአጅዘን ሞዴል ላይ የተሠሩ ጥናቶችን አርሚቴጅ እና ኮነር በ2001 አሰባስበው ሲያዩ፣ ከሦስቱ ደካማው “ሰዎች ምን ይሉኛል” የሚለው ሆኖ ተገኝቷል። በሥራ ፈጠራ ላይ ብቻ በተደረጉ ጥናቶችም ውጤቱ አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል። ከዚህ ተነሥቶ ቤተሰብ አይመለከተውም ማለት ግን ስህተት ነው። የቤተሰብ ተጽእኖ “አድርግ፣ አታድርግ” በሚል ቃል አይደለም የሚመጣው። ልጁ እያየ ባደገው ነገር በኩል ነው።

ለዚህ የምወደው ማስረጃ ከስዊድን ነው። ሊንድክዊስት፣ ሶል እና ቫን ፕራግ በ2015 በጉዲፈቻ ያደጉ ልጆችን አጠኑ። ጉዲፈቻ የወለደውንና ያሳደገውን ለመለየት ያስችላል። የራሱ ሥራ ያለው ወላጅ መኖሩ ልጁ የራሱን ሥራ የመጀመር ዕድሉን በ60 በመቶ ገደማ ከፍ ያደርገዋል። የወለደውም ያሳደገውም ድርሻ አላቸው። ያሳደገው ወላጅ ድርሻ ግን ከወለደው እጥፍ ያህል ነው። ልጁ አባቱ ወይም እናቱ ከደንበኛ ጋር ሲነጋገሩ፣ ገበያ ሲቀዘቅዝ ሲጨነቁና ተመልሰው ሲነሡ አይቷል። ለእሱ ይህ ተራ ነገር ነው።

ይህን በቤቱ ያላየ ሠልጣኝስ? እዚህ ላይ የሙያ ኮሌጅ ዩኒቨርሲቲ የሌለው መሣሪያ አለው፤ የትብብር ሥልጠና። ሠልጣኙ የሚላክበት ቦታ ምርጫ ከምናስበው በላይ ወሳኝ ነው ብዬ አምናለሁ። ትልቅ ፋብሪካ ቢላክ ጥሩ ማሽን ያያል፤ ትእዛዝ ይቀበላል፤ ውሳኔ ሲወሰን ግን አያይም። ውሳኔው ፎቅ ላይ ነው። ባለቤቱ ራሱ ቆሞ የሚሠራበት ትንሽ ወርክሾፕ ቢላክ ማሽኑ አሮጌ ሊሆን ይችላል፤ ግን ዋጋ ሲወጣ፣ ስልክ ሲነሳ፣ ደንበኛ ሲቆጣ አጠገቡ ነው። ሁለቱንም ቢያይ ደግሞ የበለጠ ነው። ብዙ ኮሌጅ የሚያየው “ቦታ ተገኘ ወይስ አልተገኘ” የሚለውን ብቻ ነው።

ጓደኛም አለ። ለርነር እና ማልሜንዲየር በ2013 በሃርቫርድ ቢዝነስ ስኩል ያገኙት ነገር አስገራሚ ነው። ከዚህ በፊት የራሳቸው ሥራ የነበራቸው ጓደኞች የበዙበት ክፍል ውስጥ የተማሩት፣ ከምርቃት በኋላ ሥራ የጀመሩት በቁጥር አነሱ። የቀነሰው ግን በዋናነት የማይሳካው ዓይነት ነበር። ሃርቫርድ ሌላ ዓለም መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ከኔዘርላንድሱ ጋር አብረው ያንብቡት። እውነቱን የሚያውቅ ሰው አጠገብ ሲኖር መጥፎ ሐሳብ ቶሎ ይወድቃል።

ስለ ሴት ሠልጣኞች ለብቻው ማየት ያስፈልጋል። ጉፕታና ባልደረቦቹ በ2009 በአሜሪካ፣ በህንድና በቱርክ ባደረጉት ጥናት ወንዱም ሴቱም “ሥራ ፈጣሪ” ሲባል የሚያስቡት በአብዛኛው የወንድ የሚባሉ ባሕርያትን ነው። ዊልሰን፣ ኪከል እና ማርሊኖ በ2007 እንዳሳዩት ደግሞ የሥራ ፈጠራ ትምህርት የመቻል እምነትን ከፍ የሚያደርገው ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ዘንድ ነው። ስለዚህ መጠይቅዎን በጾታ ለይተው ይዩት። አጠቃላዩ ወርዶ የሴቶቹ ከፍ ብሎ ሊሆን ይችላል። በአማካይ ውስጥ ተደብቆ ይቀራል።

ገንዘብን እስካሁን ያላነሣሁት ረስቼው አይደለም። ሠልጣኞች “ለምን አትጀምሩም?” ሲባሉ ቶሎ የሚሉት “መነሻ ካፒታል የለኝም” ነው። እውነት ነው። ግን ከሙያ ሙያ ይለያያል። የቧንቧ ወይም የኤሌክትሪክ ሠራተኛ በአንድ ቦርሳ ዕቃ ሊጀምር ይችላል። የማሽን ሾፕ ሠልጣኝ ሌዝ ማሽን ያስፈልገዋል። የሁለቱን መልስ ደምሮ አማካይ ማውጣት ምንም አይነግርዎትም።

ሕግም እንደዚያው ነው። በብዙ አገር አንዳንድ ሙያዎችን በራስ ስም ለመሥራት ፈቃድና የሥራ ልምድ ይጠየቃል። ጀርመንን ይውሰዱ። በብዙ ሙያዎች ወርክሾፕ ለመክፈት “ማይስተር” የሚባለው ከፍተኛ የሙያ ማዕረግ ግድ ነበር። በ2004 ይህ ግዴታ ለ53 ሙያዎች ተነሣ። በ2020 ደግሞ ለ12ቱ ተመለሰ። እንዲህ ዓይነት ደንብ ባለበት ሠልጣኙ “አሁን አልጀምርም” ቢል ሕጉን ማወቁ ነው።

“አሁን አይደለም” የሚለው መልስ በብዙ መጠይቅ ውስጥ ቦታ የለውም። ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። አዙሌና ባልደረቦቹ በ2020 ባሳተሙት ጥናት፣ በአሜሪካ ሠራተኛ የቀጠሩ ድርጅቶችን የመሠረቱ ሰዎች ሲመሠርቱ አማካይ ዕድሜያቸው 42 ገደማ ነው። በጣም በፍጥነት ካደጉት መካከል ደግሞ 45። የ20 ዓመት ልጅ “መጀመሪያ ተቀጥሬ አምስት ዓመት ልሥራ፣ ደንበኛ ልወቅ፣ ዕቃ ልግዛ” ካለ ከብዙ ጓደኞቹ የተሻለ አስቧል። የእርስዎ መጠይቅ ግን “አይጀምርም” ብሎ ይመዘግበዋል።

ተገላቢጦሹም አለ። ሁሉም “የራሴን ሥራ” ሲል ሁልጊዜ ደስ አይበልዎት። ቅጥር የጠፋ ዕለት ሰው ሌላ ምርጫ ስለሌለው ወደዚያ ይሄዳል። ዓለም አቀፉ የሥራ ፈጠራ ቅኝት ከ2001 ጀምሮ በችግር ተገፍቶ የጀመረውን ዕድል አይቶ ከጀመረው ለይቶ ሲመዘግብ የቆየው ለዚህ ነው። በሌላ በኩል በመስኩ ጥሩ ደመወዝ የሚከፍሉ ቀጣሪዎች ከመጡ የሠልጣኞችዎ ፍላጎት ይወርዳል። ይህ ከኮርስዎ ጋር አይገናኝም።

እንግዲህ እርስዎ መለወጥ የሚችሉት የቱን ነው? ቤተሰቡን አይለውጡም። የብድር ሕጉንም አይለውጡም። “ሥራ ፈጣሪነት ጥሩ ነው” የሚለውን መስበክ ብዙ አያስፈልግዎትም፤ ሲገቡም ያምኑበታል፣ መጠይቅዎ ራሱ ይናገራል። የሥራ ፈጠራ ትምህርትን ከፍላጎት ጋር ያያያዙ ጥናቶችን ቤይና ባልደረቦቹ በ2014 ሲደምሩ ያገኙት ዝምድና አነስተኛ ነው፤ 0.143 (1 ቢሆን ፍጹም ዝምድና ማለት ነበር)። ተማሪዎቹ ከኮርሱ በፊት የነበራቸው ፍላጎት ሲታሰብ ደግሞ ይህም ትርጉም ያለው ሆኖ አልተገኘም። ስለዚህ ፍላጎትን በጅምላ ከፍ ማድረግን ግብ አያድርጉት። ዋጋ ማውጣትን፣ መደራደርንና መዝገብ መያዝን ከሥራ ፈጠራ ክፍል አውጥተው ወደ ወርክሾፕ ያስገቡ። እያንዳንዱ የተግባር ሥራ ሲሰጥ “ይህን ለደንበኛ በስንት ታስረክባለህ?” የሚል አንድ ጥያቄ ይኑረው። የሙያ አሠልጣኞቹ መጀመሪያ ያጉረመርሙ ይሆናል።

ከዚያ በመወጠንና በማድረግ መካከል ያለው ክፍተት አለ። ካውቶነን፣ ቫን ሄልደረን እና ፊንክ በ2015 በኦስትሪያና በፊንላንድ አዋቂዎች ላይ ባደረጉት ጥናት ሦስቱ ግምገማዎች የሰዎችን ውጥን ልዩነት 59 በመቶ ያህል አብራርተዋል። ሰዎቹ በኋላ በተግባር ያደረጉትን ግን ውጥናቸውና የመቻል እምነታቸው ያብራሩት 31 በመቶ ያህሉን ነው። ፒተር ጎልዊትዘር ያጠናው አንድ ቀላል ዘዴ እዚህ ይጠቅማል። ሠልጣኙ “ወደፊት እጀምራለሁ” ከማለት ፋንታ “ይህ ሲሆን ይህን አደርጋለሁ” ብሎ ይጻፍ። “የመጀመሪያ ደመወዜን ስቀበል ይህን መሣሪያ እገዛለሁ” እንደማለት። ጊዜና ቦታ የተቆረጠለት ውጥን የመፈጸም ዕድሉ ከፍ ይላል።

ለኃላፊዎችዎ የሚያቀርቡት መጠይቅ ይቀየር። “ትጀምራለህ ወይስ አትጀምርም?” የሚለውን ይተዉና መቼ እንደሆነ ይጠይቁ፤ እንደተመረቅሁ፣ በሁለት ዓመት፣ በአምስት ዓመት፣ ፈጽሞ። ሌላ ጥያቄ ለብቻው ይጨምሩ፦ “ነገ ደንበኛ ቢመጣ ዋጋ ማውጣት፣ ቀብድ መጠየቅ፣ ሒሳብ መያዝ ትችላለህ?” ፍላጎቱ ወርዶ ይህኛው ከፍ ካለ ኮርሱ እየሠራ ነው። ሁለቱም ከወረዱ ኃላፊዎችዎ ትክክል ናቸው፤ ኮርሱ መታደስ አለበት። በመጠይቁ ላይ ኮድ ይስጡና ሲገባ የመለሰውን ሲወጣ ከመለሰው ጋር ሰው በሰው ያገናኙ። አለበለዚያ ማን እንደተለወጠ አያውቁም። ስልካቸውን ይያዙ። ከተመረቁ ከዓመት በኋላ ደውለው “ምን እየሠራህ ነው? ምን እየሠራሽ ነው?” ይበሉ። ያን መልስ ይዘው ኃላፊዎችዎ ፊት ቢቀርቡ፣ ክርክሩ ከመጠይቅ ውጤት ወጥቶ ተመራቂዎቹ በተግባር በሚሠሩት ላይ ይሆናል።